በሟች አባላችሁ ስም የጁኒየር ዋንጫ ስለማቋቋም ለጠየቅከው

ነፍስ ይማር፤ ለቤተሰቡም ለእናንተም መጽናናቱን ይስጣችሁ። የጠየቅከው ሁለት ነገር ነው። የኮምቦልቻ የብስክሌት ክለባችሁን ዕድሜውን ሙሉ ያገለገለው ወንድማችን ሐምሌ ላይ አረፈ፤ በስሙ የጁኒየር ዋንጫ ለማቋቋም ከየት ይጀመራል? ውድድሩስ በሙት ዓመቱ ቀን ቢሆን? እኛ ደሴ ላይ ለአንድ ትልቃችን ይህንኑ ስላደረግን ያየሁትን ልጻፍልህ። ይረዝማል፣ ቡናህን ይዘህ አንብበው።

ከሁለተኛው ልጀምር። ሐምሌ ላይ አታድርጉት። ክረምት ሐረጎ ላይ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው ዳገት፣ ጉሙ ሲወርድ ከፊትህ ያለው ሲኖትራክ በመብራቱ ብቻ ነው የሚለየው፣ አስፋልቱም ያንሸራትታል። ሙት ዓመቱን ቤተሰቡ በወጉ ያስበው፣ ቅሬውም (እድሩም) ይሰብሰብ፣ እናንተም ሄዳችሁ ተቀመጡ። ውድድሩ ግን ከመስቀል በኋላ፣ ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ ይሁን። በልግ ላይ እናድርገው የሚል ይመጣል፤ የወሎ በልግ ራሱ ዝናብ ነው። ጾሙንም እዩ። በ2018 ረመዳንና ዓቢይ ጾም በአንድ ሳምንት ነው የገቡት። እንዲህ ባለ ጊዜ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ልጅ በባዶ ሆዱ ዳገት ሊወጣ ነው።

ከየት ይጀመራል ላልከው፣ ከቤተሰቡ። ዋንጫ ከማዘዛችሁም ስፖንሰር ከመጠየቃችሁም በፊት ሁለት ትልልቅ ሰዎች ቤት ድረስ ይሂዱ፣ ስሙን መጠቀም ይፈቀድላችሁ እንደሆነና እንዴት እንዲጻፍ እንደሚፈልጉ ይጠይቁ። የእኛን ሰው ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው በቅጽል ስሙ ነበር። ዋንጫው ላይም እንደዚያ ሊጻፍ ሲል እናቱ "ልጄ እኔ ያወጣሁለት ስም አለው" አሉ። አለቀ፣ ሙሉ ስሙ ተጻፈ።

ቀጥሎ ቁጭ በሉና ይህ ሰው ምን ነበር የሚሠራው ብላችሁ ተነጋገሩ። ለእኔ ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ ዋንጫው ስሙን ብቻ ይዞ ሥራውን ካልመሰለ ከማንኛውም ዋንጫ አይለይም። የእኛ ጋሼ ያሸነፈበትን ውድድር የሚያስታውስ ሰው የለም። ሁሉም የሚያስታውሰው ካላማዳሪውን ሳፋ ውስጥ ነክሮ፣ አረፋ የወጣበትን በእስክሪብቶ ሲያከብብ፣ አውራ ጣቱ ላይ የደረቀውን ማስቲሽ እየላጠ ልጁን "ሚስማሩን አውጥተኸዋል?" ሲል ነው። አንድ ባለ መስመር ደብተር ነበረው። የክለቡን ጥቂት ኮርስ ብስክሌቶች ልጆቹ በተራ ስለሚነዱ የየልጁ የመቀመጫ ቁመት በሴንቲሜትር ተጽፎበታል። ልጁ ሲያድግ አሮጌው ቁጥር ይሰረዝና አዲሱ ከጎኑ ይገባል። ልምምድ ሲወጡ ደግሞ እሱ ሁልጊዜ ከመጨረሻው ልጅ ኋላ ነው።

ስለዚህ ግዙፍ ዋንጫ አልገዛንም። መካከለኛ ሆኖ፣ ሰፋ ባለ እንጨት ላይ የቆመ፣ ዙሪያውን የአሸናፊዎች ስም የሚለጠፍበት ዋንጫ ነው። የተረፈው ብር ለሄልሜትና ለካላማዳሪ ዋለ። ፎቶው ያለበት ቲሸርት እናሳትም የሚልም አይጠፋም። እኔ አልወደውም፤ ሁለቴ ከታጠበ ፊቱ ይጠፋል፣ ለቤተሰቡም ደስ የሚል ነገር አይደለም።

ዋንጫው ተዘዋዋሪ ይሁን፤ ክለቡ ቤት ይቀመጥ፣ አሸናፊው ትንሿን ዋንጫ ይዞ ይሂድ። ግን "ሦስት ጊዜ ያሸነፈ ያስቀረዋል" የሚለውን የተለመደ ደንብ ገልብጣችሁ እንዳታስገቡ። ጁኒየር በዓለም አቀፉ ደንብ ውድድሩ በሚደረግበት የፈረንጆች ዓመት 17 ወይም 18 የሚሞላው ነው፤ ማንም ልጅ በጁኒየርነት ሁለት ዓመት ብቻ ነው የሚቆየው። ሦስተኛውን መቼ ሊያሸንፍ ነው?

ዕድሜው ላይ ጠብ ይነሳል፣ ከአሁኑ ተዘጋጁ። የእኛ የልደት ወረቀት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 2000 የተወለደ ልጅ በፈረንጅ የ2007 ልጅ ነው፤ የካቲት 2000 የተወለደው ግን የ2008። ጥቅምት 2019 ላይ ብትወዳደሩ (እዚያ 2026 ነው) የመጀመሪያው አልፎበታል፣ ሁለተኛው ይገባል። እንግዲህ አንድ ክፍል ለሚማሩ ሁለት ጓደኛሞች ይህን መነሻው መስመር ላይ አስረዳቸው! ምዝገባው ላይ ወሩንም ጻፉ፣ ዝርዝሩንም ከሳምንት በፊት ለጥፉ። የማርሽ ገደቡን፣ ማለትም ልጆች ከባድ ማርሽ እንዳይጠቀሙ የሚከለክለውን ደንብ፣ እርሱት፤ ለጁኒየር የነበረው ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተነሥቷል።

መንገዱን በተመለከተ ከደሴ ወደ እናንተ ቁልቁል እንዳታስቡት። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ይግባ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ደግሞ ወደ 600 ሜትር ይጠጋል፤ ለልጅ በቂ ነው። ዳገት ላይ የወደቀ ጉልበቱ ይላጣል፤ ቁልቁለት ላይ ከከባድ መኪና ጋር የሚሆነውን አልጽፈውም። እሁድ ማለዳ፣ ትራፊክ ፖሊስ ፊትና ኋላ ሆኖ።

ጋሼ ከመጨረሻው ልጅ ኋላ ይሄድ ስለነበር ኮሚቴው ለመጨረሻው ገቢም ሽልማት ይኑር አለ። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ሁለት ልጆች መድረሻው አጠገብ ቆመው "አንተ ግባ" "ኧረ አንተ ቅደም" ሲባባሉ ዳኛው ሰዓቱን ይዞ ቀረ፤ ሕዝቡ በሳቅ ሞተ። አሁን ሽልማቱ ጎማው ተበስቶበት ወይም ሰንሰለቱ ወልቆበት ራሱ ሠርቶ ለጨረሰ ልጅ ነው። ፓምፕና የመለጠፊያ ዕቃ ይሰጠዋል። ለእሱ የሚገባው ይሄኛው ይመስለኛል።

ስፖንሰር ስትጠይቁ "ብስክሌት የእኛ ስፖርት ነው እንዴ?" የሚል ታገኛላችሁ። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ብስክሌተኞቿን ይዛ ነው የሄደችው በሉት። ጽጋቡ ግርማይም በ2008 ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። ብር ባይሰጥ ውሃና ሙዝ ይሰጣል።

የቀረው የሴቶቹ ጉዳይ ነው፣ ዋንጫውን ከማዘዛችሁ በፊት ወስኑት። ዋንጫው አንድ ከሆነ የሴቶቹ አሸናፊ ስሟ የት ይለጠፋል? እኛ ከእንጨቱ ግማሹን ለሴቶች ከፍለን ነው ያሠራነው፤ ለሠሪው ቀድማችሁ ካልነገራችሁት ሰሌዳውን በአንድ ወገን ብቻ ደርድሮ ያመጣላችኋል። የውድድር ደንባችንን ፎቶ አንሥቼ በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ።