በኮሮና ጊዜ «አልመለስም» ስላሉት ተጫዋቾች፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን «በኮሮና ጊዜ ልምምድ የቀረው እንግሊዛዊው እግር ኳስ ተጫዋች ትሮይ ዲኒ ፈርቶ ነው ወይስ ልክ ነበር?» የሚል ክርክር ተነስቶ ማብቂያ ስላጣ፣ ጥያቄዎቻችሁን እንደመጡ ልመልስ። ሐኪም አይደለሁም፣ ጠበቃም አይደለሁም። ያኔ ሥራ ተዘግቶብኝ ቤት ስውል የስፖርት ዜና ከማንበብ ሌላ ሥራ ስላልነበረኝ ነው ነገሩን በዝርዝር የማስታውሰው። ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ። ከመጀመሪያው ጀምርልን።

መልስ፦ ማርች 12 ቀን 2020 ማታ የአርሰናሉ አሰልጣኝ ሚኬል አርቴታ ኮሮና ተገኘበት ተባለ፤ በማግስቱ ፕሪሚየር ሊጉ ቆመ። የኛም ሀገር የመጀመሪያው በሽተኛ የተገኘው በዚያው ማርች 13 ነው፤ አንድ ቀን ላይ ስለዋሉ አልረሳውም። 92 ጨዋታ ቀርቶ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ፣ ሜይ 19፣ ክለቦቹ በትንንሽ ቡድን ልምምድ ጀመሩ። ቢበዛ አምስት ሰው፣ ቢበዛ 75 ደቂቃ፣ ንክኪ ክልክል፣ ኳሱና የማዕዘን ባንዲራው ሳይቀር በመድኃኒት ይጸዳል።

ዲኒ ያኔ የዋትፎርድ አምበል ነበር። ያን ቀን አልሄደም። ምክንያቱንም አልደበቀም፤ የአምስት ወር ልጁ የመተንፈስ ችግር ነበረበት። ከቡድኑ አንድ ሰው ከተያዘ በቃ፣ ያንን ይዤ ቤቴ አልገባም አለ። በሊጉ ስብሰባ ላይ ጥያቄ አንስቶ እንደነበርም ተናገረ። ጥቁሮች በበሽታው ይበልጥ እየተጎዱ ነውና ለነሱ የተለየ ምርመራ አለ ወይ? ጸጉሬን ለመቆረጥ እስከ ጁላይ አጋማሽ ጠብቅ እየተባልኩ፣ 19 ሰው በታጨቀበት የፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ዘልዬ ኳስ በጭንቅላቴ ልግጭ? መልስ የሰጠው ሰው አልነበረም።

የጸጉሩ ነገር ለብዙ ሰው ቀልድ ሆነ። ለኔ ግን በዚያ ሰሞን ከተባለው ሁሉ ፍሬ ያለው እሱ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ዝግ ነው፣ ኳስ ሜዳው ክፍት ነው፤ ለምን? ይሄን መጠየቅ ፍርሃት ከሆነ እኔም ፈሪ ነኝ።

ጥያቄ፦ ዲኒ «ጥቁሮች በአራት እጥፍ ይበልጥ ይያዛሉ» ያለው ግን የተጋነነ አይደለም?

መልስ፦ ግማሽ ልክ ነህ። ዲኒ የተናገረው በበሽታው ስለመያዝ ነበር፤ ቁጥሩ ግን ስለ ሞት ነው። የእንግሊዝ ብሔራዊ ስታቲስቲክስ ቢሮ በሜይ መጀመሪያ ባወጣው ዘገባ፣ ዕድሜ ብቻ ሲታይ ጥቁሮች በኮሮና የመሞታቸው ዕድል ከነጮቹ ከአራት እጥፍ በላይ ነበር። ኑሮው፣ ቤቱ፣ የጤናው ሁኔታ አብሮ ሲሰላ ወደ ሁለት እጥፍ ገደማ ይወርዳል። ሁለት እጥፍም ቢሆን ትንሽ አይደለም። ሰውዬው ቁጥር አሳስቷል፣ ጥያቄውን ግን አላሳሳተም።

ጥያቄ፦ ምርመራ እየተደረገ አልነበር እንዴ? ታዲያ ምን አስፈራው?

መልስ፦ ውጤቱን ልንገርህና አንተው ፍረድ። በመጀመሪያው ዙር 748 ተጫዋቾችና ሠራተኞች ተመረመሩ፤ ከሦስት ክለቦች ስድስት ሰው ተገኘ። ውጤቱ የወጣው ሜይ 19 ነው፣ ዲኒ በቀረበት ቀን። ከስድስቱ ሦስቱ የዋትፎርድ ሰዎች ነበሩ፤ ተከላካዩ አድሪያን ማሪያፓና ሁለት የክለቡ ሠራተኞች። ማሪያፓ ምንም ምልክት እንዳልነበረበት፣ ከቤትም ብዙ እንዳልወጣ ተናግሯል። ስድስት ከ748 ስትለው ኢምንት ነው። ሦስቱ ካንተ መልበሻ ክፍል ሲሆኑ ግን ሌላ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ካንቴን ለምን ማንም አልሰደበውም? እሱም ቀርቶ አልነበር?

መልስ፦ ካንቴ መጀመሪያ ቀን ልምምድ ሠርቶ በማግስቱ ቀረ። ቼልሲ ቤቱ ሆኖ እንዲሠራ ፈቀደለት፣ አሰልጣኙ ላምፓርድም ከጎኑ ቆመ። ከ2018ቱ የዓለም ዋንጫ በፊት ወንድሙ በልብ ሕመም ሞቶበታል፤ በዚያው ዓመት እሱ ራሱ ልምምድ ላይ ራሱን ስቶ ወድቆ ነበር። ይሄን ታሪክ ሰው ሲሰማ ዝም አለ።

እውነቱን ለመናገር ካንቴን ማን ይሰድባል? ዓለም ሁሉ የሚወደው ሰው ነው። ዲኒ ደግሞ ጉልበተኛ አጥቂ ነበር፣ አፉም አያርፍም። ልጅህ ኮሮና ይያዘው ያሉት ሰዎች እንደነበሩ ራሱ ተናግሯል። የአምስት ወር ሕፃን! ልዩነቱ ምክንያታቸው ላይ አይደለም፤ አንዱ ዝም ብሎ ቀረ፣ ሌላው ለምን እንደቀረ ጮክ ብሎ ተናገረ።

ጥያቄ፦ ደመወዝ ተቆረጠባቸው?

መልስ፦ እዚህ ላይ ሀገር ከሀገር ይለያያል፤ ለኔ ዋናው ነገርም ይሄ ነው። በእንግሊዝ «እምቢ ያለ ተጫዋች እንዲህ ይሆናል» የሚል የተጻፈ የጋራ ስምምነት አልነበረም። ሁሉም በክለቡና በአሰልጣኙ ፈቃድ ይወሰን ነበር። የዋትፎርዱ ናይጀል ፒርሰን የዲኒን ውሳኔ አከበሩ፤ ሌላ አሰልጣኝ ቢሆን ኖሮስ?

አሜሪካኖቹ ግን በማኅበራቸው በኩል ተደራድረው ዋጋውን አስቀድመው ጻፉት። በወንዶቹ ቅርጫት ኳስ ሊግ፣ በኤንቢኤ፣ ኦርላንዶ ወደሚገኘው ዝግ ካምፕ አልሄድም ያለ አይቀጣም፣ ያልተጫወተበት ግን አይከፈለውም። የሌከርሱ ኤቨሪ ብራድሊ የስድስት ዓመት ልጁ የመተንፈሻ አካል ሕመም ስለነበረበት በዚህ መንገድ ቀረ፤ ሌከርስ ያለ እሱ ዋንጫ ወሰዱ። በቤዝቦል ተጓዳኝ ሕመም ያለበት ተጫዋች ቢቀርም ደመወዙን ያገኛል፤ ሌላው ከቀረ ምንም አያገኝም። የቤዝቦል ተጫዋቹ በስተር ፖዚ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ መንትዮችን በማደጎ ተቀብሎ ነበር። እሱ ራሱ ጤነኛ ነው፣ ስለዚህ ሚሊዮኖቹን ትቶ ልጆቹን ታቀፈ። በአሜሪካን ፉትቦል ደግሞ ተጋላጭ የሆነው 350 ሺህ ዶላር፣ በፈቃዱ የቀረው 150 ሺህ ዶላር ያገኝ ነበር፤ ያቺ 150 ሺህ ግን ብድር ናት፣ በኋላ ከደመወዙ ትቆረጣለች።

በአሜሪካን ፉትቦል የመጀመሪያው «አልጫወትም» ያለው ማን መሰላችሁ? ሎራን ዱቬርኔ ታርዲፍ፣ የካንሳስ ሲቲ ተጫዋች፣ በዚያው ፌብሩዋሪ የሊጉን ዋንጫ፣ ሱፐር ቦውልን የበላ። ሰውዬው በትምህርቱ ሐኪም ነው። ያን ጊዜ ኩቤክ ውስጥ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ገብቶ ሕሙማን እየረዳ ነበር። በሽታውን ከሁላቸውም ቀርቦ ያየው ሰው ነው መጀመሪያ የቀረው። «ፈሪዎች ናቸው» ለሚል ሰው እኔ ይሄን አንድ ሰው ጠርቼ ዝም እላለሁ።

ጥያቄ፦ ሴት ተጫዋቾችስ? ስለነሱ ማንም አያወራም።

መልስ፦ እህቴ፣ በጣም የሚያናድደው ታሪክ የነሱ ነው። ኤሌና ዴሌ ዶን በ2019 የአሜሪካ ሴቶች ቅርጫት ኳስ ሊግ ኮከብ ተጫዋች ነበረች፤ በዚያው ዓመት ከዋሽንግተን ሚስቲክስ ጋር ዋንጫ በላች። በመዥገር ንክሻ የሚመጣ ላይም የሚባል ሕመም አለባት። በቀን 64 ክኒን እንደምትወስድ ጽፋለች። የራሷ ሐኪም ተጋላጭ ነሽ ብሏታል፣ የክለቧም ሐኪም በዚያው ተስማማ። የሊጉ የሐኪሞች ቦርድ ግን ጥያቄዋን ውድቅ አደረገው። ትርጉሙ ምንድነው? ወይ ፍሎሪዳ ሄደሽ ተጫወቺ፣ ወይ ደመወዝሽን እርሺው። በሴቶቹ ሊግ ደመወዝ ማለት ደግሞ የወንዶቹ ዓይነት ገንዘብ አይደለም። በመጨረሻ ክለቧ ከራሱ እከፍላታለሁ ብሎ ገላገላት። ክለቡ ሰው ባይሆንስ?

ጥያቄ፦ ወጣትና ስፖርተኛ ሰው ኮሮና ምን ያደርገዋል? ጉንፋን ነው የሚሆንበት።

መልስ፦ ኤድዋርዶ ሮድሪጌዝን ልጥራልህ። የቦስተን ሬድ ሶክስ ቤዝቦል ተጫዋች ነበር፣ ያኔ 27 ዓመቱ። ኮሮና ያዘው፣ ዳነ ተባለ፣ ወደ ልምምድ ሲመለስ የልቡ ጡንቻ ማበጡ ታወቀ። የ2020ን ውድድር በሙሉ ተቀመጠ። በቀጣዩ ዓመት ተመልሶ ተጫውቷል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ብዙዎቹ ስፖርተኞች ምንም እንዳልሆኑ እውነት ነው። ችግሩ፣ አንተ ከየትኞቹ እንደሆንክ ቀድሞ የሚነግርህ የለም።

ጥያቄ፦ እኔ ለንደን አውቶቡስ ነጂ ነኝ። ያኔ ባልደረቦቻችን እየሞቱ እኛ በየቀኑ መሪ እንጨብጥ ነበር። የኔን የዓመት ደመወዝ በሳምንት የሚያገኝ ሰው ቤቱ ቁጭ ሲል እንዴት ልዘንለት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመጡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ የከበደኝ ያንተ ነው። ሕጉን ልንገርህ። በእንግሊዝ የ1996ቱ የሥራ ቅጥር መብቶች ሕግ ቁጥር 44 አለ። ሠራተኛ ከባድና ቅርብ የሆነ አደጋ አለ ብሎ በቂ ምክንያት ይዞ ካመነ፣ ከሥራ ቦታው ቢወጣ ወይም አልመለስም ቢል አሠሪው በዚያ ምክንያት ሊጎዳው አይገባም ይላል። በወረቀት ላይ አንተና ዲኒ እኩል ናችሁ።

በኑሮ ግን አይደላችሁም። ዲኒ ሁለት ሳምንት ቢቀር የቤት ኪራይ አያስጨንቀውም፣ ስሙን ሀገር ያውቀዋል፣ ክለቡ በሌላ ሰው ሊተካው አይችልም። አንተ «አልነዳም» ብትል ወር ሲደርስ ምን እንደምትከፍል አታውቅም፤ መሪውን የሚረከብ ሰው ደግሞ ደጅ ላይ ተሰልፏል። ንዴትህ ይገባኛል። ግን እሱ ላይ መውረድ የለበትም ባይ ነኝ። ያንተን «እምቢታ» ያን ያህል ያስወደደው ዲኒ አይደለም።

ጥያቄ፦ እውነቱን እናውራ፣ ሊጉ የተመለሰው ለገንዘብ አይደለም?

መልስ፦ ነው። ውድድሩ ካላለቀ ክለቦቹ ለቴሌቪዥኖቹ የሚመልሱት ወደ 762 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሆነ ይነገር ነበር።

ጥያቄ፦ በስፔን ወይም በጀርመን እምቢ ያለ አልነበረም?

መልስ፦ በስፔን ሁለተኛ ዲቪዚዮን የካዲዙ ፋሊ፣ ካስገደዳችሁኝ ኳስ አቆማለሁ እስከማለት ደርሶ ነበር። በኋላ ተመለሰ፣ ካዲዝም በዚያው ዓመት ላሊጋ ገባ። በጀርመን የኮሎኙ ቢርገር ቨርስትራተ ስጋቱን በአደባባይ ተናገረ፤ ፍቅረኛው የልብ ሕመም ነበረባት። ክለቡ ግን አልተደሰተበትም፣ ልጁም ንግግሩን አለሳለሰ። ቡንደስሊጋው ሜይ 16 ጀመረ።

ጥያቄ፦ የኛ ሀገር ተጫዋቾችስ?

መልስ፦ እምቢ የሚሉበት ዕድልም አላገኙም። የ2012 (ይቺ በኛ አቆጣጠር ናት) ፕሪሚየር ሊግ በሜይ ተሰረዘ፣ ሻምፒዮን የለም፣ ወራጅ የለም ተባለ፤ ለተጫዋቾቹ የቀረላቸው የደመወዝ ጥያቄ ነበር። እኛም ተመልካቾቹ እንደዚያው። የእንግሊዙ ጁን 17 ሲመለስ የሰፈራችን ዲኤስቲቪ ቤት ወንበሮቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተቆልለው በሩ በሰንሰለት ተቆልፎ ነበር። አስቶን ቪላና ሼፊልድ ዩናይትድ 0 ለ 0 ሲለያዩ ያየሁት በስልክ ነው፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ። የቪላው በረኛ ኳሱን ይዞ መስመሩን አልፎ ገብቷል፤ ጎል መግባቱን የሚጠቁመው መሣሪያ ግን አልጮኸም። መጀመሪያ ስልኬ የተሳሳተ መስሎኝ ነበር።

ጥያቄ፦ ዲኒ መጨረሻው ምን ሆነ? ልምምድ ባይቀር ኖሮ ዋትፎርድ ይተርፍ ነበር የሚሉ አሉ።

መልስ፦ ከመንግሥት ምክትል ዋና ሐኪሙ ጆናታን ቫን ታም ጋር ተነጋግሮ፣ የጠየቀው ሁሉ መልስ ሲያገኝ በጁን መጀመሪያ ተመለሰ። መልሱ መጀመሪያውኑ ተዘጋጅቶ ቢሆን ይሄ ሁሉ ባልመጣ። ሊጉ ሲጀመር ሜዳ ላይ ነበር፣ ስለዚህ ለመውረዱ እሱን ተጠያቂ ማድረግ አይሆንም።

ዋትፎርድ በ34 ነጥብ ወረደ፣ ቪላ በ35 ተረፈ። ያቺ ያልተቆጠረች የሼፊልድ ጎል ብትጸድቅ እንኳ በግብ ክፍያ የሚተርፈው ቦርንማውዝ ነበር፤ ዋትፎርድን አታድነውም። በመጨረሻው ቀን፣ ጁላይ 26፣ በአርሰናል ሜዳ ኤምሬትስ ላይ 3 ለ 0 እየተመሩ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጣቸው። መቺው ዲኒ ነበር፣ አገባው። ጨዋታው 3 ለ 2 አለቀ።