የቪትዝዎን የሙቀት ሴንሰር ራስዎ ሲቀይሩ

አራት ኪሎ የሚኖሩ አንድ አንባቢ፣ ቪትዝ መኪናቸው ጠዋት ጠዋት አልነሳ እያለ እንደሚያስቸግራቸው፣ ከሞቀ በኋላ ግን ደህና እንደሚሄድ፣ የራዲያተሩ ማራገቢያም ያለማቋረጥ እንደሚዞር ጽፈውልኛል። በመመርመሪያ ሲታይ ፒ 0118 የሚል ኮድ ስለወጣ፣ የኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ሙቀት ሴንሰሩን ግቢያቸው ውስጥ ራሳቸው መቀየር ይችሉ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

ይችላሉ። ነገር ግን ወደ ሶማሌ ተራ ወርደው ዕቃውን ከመግዛትዎ በፊት፣ ይህ ኮድ ሴንሰሩ ተበላሽቷል እንደማይል ይረዱልኝ። የሚለው መስመሩ አንድ ቦታ ላይ ተቋርጧል ነው፤ የተቋረጠው ሴንሰሩ ውስጥ ሊሆን ይችላል፣ የላላ ሶኬት ወይም የተበጠሰ ሽቦም ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩም ትክክለኛውን ሙቀት ስለማያገኝ ሞተሩ 80 ዲግሪ ላይ እንዳለ ቆጥሮ ይሠራል፤ ለቀዝቃዛ ሞተር የሚያስፈልገውን ተጨማሪ ቤንዚን የሚነፍገውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሶኬቱን ነቅለው የሴንሰሩን ሁለት እግሮች በቴስተር ይለኩ። የቶዮታ ሴንሰር በ20 ዲግሪ ከ2300 እስከ 2600 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ ወደ 320 ኦም ገደማ ያሳያል። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ሴንሰሩ አልቆለታል፤ ቁጥሩ ትክክል ከሆነ ግን ገንዘብዎን ይዘው ሽቦውን ይፈትሹ። አዲሱንም ዕቃ ከመግጠምዎ በፊት በሞቀ ውሃ ውስጥ ይሞክሩት፤ ሆኖም የፈላ ውሃ 100 ዲግሪ ነው ብለው እንዳይነሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ይህን ሳላስብ ደህናውን ሴንሰር የጣልኩበት ጊዜ ስላለ፣ ከዚያ ወዲህ ያለ ቴርሞሜትር አልለካም።

ለመቀየር ሞተሩ ሙሉ በሙሉ መቀዝቀዝ አለበት፤ በሞቀ ራዲያተር ክዳን ቀልድ የለም። ክዳኑን አንድ ጊዜ ከፍተው ግፊቱ ከወጣ በኋላ መልሰው አጥብቀው ይዝጉት፤ ያኔ ሴንሰሩ ሲወጣ የሚፈሰው ውሃ ጥቂት ብቻ ይሆናል። የሶኬቱን መያዣ በአውራ ጣትዎ ተጭነው፣ ሽቦውን ሳይሆን ፕላስቲኩን ይዘው ይሳቡ፤ ለዓመታት ሲግል የኖረ ፕላስቲክ እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰበራልና ቀስ ይበሉ። ብዙውን ጊዜ 19 ቁጥር ረጅም ቡሶላ ይበቃል። አዲሱን ከአዲስ ሮንዴላ ጋር መጀመሪያ በጣትዎ ብቻ ያሽከርክሩ፤ ሴንሰሩ የሚገባበት ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አሉሚኒየም ስለሆነ ጠማማ የገባ ሴንሰር ጥርሱን ይበላዋል፣ ያ ደግሞ ከሴንሰሩ ዋጋ እጅግ የሚበልጥ ጥገና ነው። ማጥበቂያው 20 ኒውተን ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

የጎደለውን በቧንቧ ውሃ ሳይሆን በኩላንት ይሙሉ። አየሩ እንዲወጣ ክዳኑን ከፍተው፣ የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው አዙረው ሞተሩን ቤንዚን ሳይረግጡ በሚኒሞ ያሠሩት። ቴርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ለውሃው መንገድ የሚከፍተው ክፍል) ተከፍቶ የላይኛው ጎማ ሲሞቅ፣ ውሃውም መንተክተክ ሳይጀምር፣ ክዳኑን ይዝጉ። ማራገቢያው እስኪነሳ ክዳኑን ከፍተው አይጠብቁ፤ የሚነሳው ከ90 ዲግሪ በላይ ስለሆነ እኛ ከተማ ውሃው ሊቀድመው ይችላል። ክዳኑ ተዘግቶ ማራገቢያው በራሱ ተነስቶ በራሱ ከቆመ ኮዱን ያስጠፉ፤ በማግስቱም ጠዋት ሞተሩን ሳያስነሱ የኩላንቱን መጠን አይተው የጎደለውን ይጨምሩ።