መልስ፦ የማሲንቆ ድምፅ በክረምት ስለመታፈኑ

ድምፁ ታፈነ፣ ደጋኑም ይንሸራተታል ብለህ «ማሲንቆዬን በውሃ ልጠበው ወይ?» ላልከው፦ በፍጹም! ድምፁን ያፈነው ቆሻሻ ብቻ አይደለም። ጎንደር ሐምሌና ነሐሴ ላይ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ይላላል፤ ክሩ የሆነው የፈረስ ጭራም ይረዝማል። መቃኛውን (ክሩን የሚወጥረውን እንጨት) ደጋግመህ ብታጠብቀው መፍትሔ አይሆንም፤ ፀሐይ ሲወጣ ሁሉም መልሶ ይኮማተርና ጭራው ይበጠሳል።

ቆዳውን በደረቅ ጥጥ ጨርቅ ጥረገው፤ ከዚያ የጠዋት ፀሐይ ላይ 10 ወይም 15 ደቂቃ አቆየው። ከሰል አጠገብ ግን አታስጠጋው፤ ቆዳው ጠርዙ ላይ ከእንጨቱ ይላቀቃል፣ ወይም ይሰነጠቃል።

የደጋኑ መንሸራተት ሌላ ጉዳይ ነው። ጣትህ የሚነካው የክሩ ጭራ የእጅ ወዝ ይይዛል፤ ወዝ ያለበት ጭራ ደግሞ ደጋኑ እንዳይንሸራተት የሚቀባውን ዕጣን አይቀበልም። ጨርቅ በጥቂት አልኮል አርጥበህ የክሩን ጭራ ብቻ ጥረግ፤ ቆዳውንና እንጨቱን እንዳይነካ ከሥሩ ወረቀት አድርግ። 20 ደቂቃ ይድረቅ። ከዚያ ዕጣኑን የደጋኑ ጭራ ላይ ሦስት አራት ጊዜ አመላልሰው፤ ከበዛ ነጭ ዱቄት ይረግፋል፣ ድምፁም ይሻክራል።

መቃኛው የሚሸሽ ከሆነ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባውን ክፍል ጠመኔ ቀባው። እንጨቱን ቅቤ አትቀባ፤ አቧራ ይሰበስባል፣ አይጥም ይጠራል (አይጥ ቆዳ እንደምትወድ ታውቃለህ)። ማታ ጭራውን ትንሽ አላላው፤ ግን ከቆዳው ከፍ አድርጋ የምትይዘው እንጨት እስክትወድቅ አይሁን።