ሞርሳው ሲነክስ፦ ስለ ጠመንጃ መያዣ ጥያቄና መልስ

በዚህ ሰሞን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ነገር ላይ ይገናኛሉ፦ ከአባት፣ ከአያት የተረከብነው ጠመንጃ ሲጸዳ ወይም ሰደፉ ሲታደስ በምን ይያዝ? በጎጃም ስንቱ ቤት የአርበኝነት ዘመን ጠመንጃ በክብር እንዳስቀመጠ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። የጣልያን ጦር ያልሰበረውን ጠመንጃ እኛ በአንድ ቀን ሥራ ሞርሳ ላይ፣ ዕቃ በመንጋጋው ነክሶ በሚይዘው ብረት፣ ስንሰብረው አይቻለሁ።

ከብቸና፦ «ጋሼ፣ የአባቴን ለበን ለማጽዳት ብዬ ሰፈራችን ያለ ጋራዥ ወስጄ ሞርሳ ላይ አሰርኩት። ስፈታው የሞርሳው ጥርስ እንጨቱ ላይ ታትሞ ቀረ። ይጠፋልኝ ይሆን? ለቤቴስ ምን ዓይነት ሞርሳ ልግዛ?»

ሞርሳ የተሠራው ቧንቧና ፌሮ እንዲነክስ ነው። መንጋጋው ላይ ያሉት ጥርሶች ብረት እንዳያመልጥ የወጡ ናቸውና እንጨት ሲያገኙ ይገቡበታል። ስለዚህ ጠመንጃውን የሚነካው ነገር ምንጊዜም ከሚይዘው አካል የለሰለሰ ይሁን፤ እንጨቱን ቆዳ፣ ብረቱን እንጨት ይያዘው። ሁለት የዋንዛ ጣውላ ከመንጋጋው ትንሽ ሰፋ አድርገህ ቁረጥና ፊታቸው ላይ የለፋ ቆዳ በኮላ ለጥፍ። ቆዳውን በሚስማር አትምታው፤ ቆዳው ሲሳሳ የሚስማሩ ራስ ብቅ ይልና ከጥርሱ የባሰ ይቧጭራል። ወይራም ተው፤ ጠንካራ እንጨት ስለሆነ ራሱ ሰደፉን ያጎደጉደዋል። ጥቁር የጎማ ላስቲክ ብዙ ሰው ይጠቀማል፤ ዘይት ሲነካው ግን ይላላል፣ እንጨቱንም ሊያጠቁር ይችላል።

የመንጋጋው ስፋት ከ4 እስከ 5 ኢንች የሆነ ሞርሳ ለቤት ይበቃል። ከስፋቱ ይልቅ ሁለት ነገር እይ። አንደኛ፣ መንጋጋዎቹ ሲገጥሙ በመካከላቸው ብርሃን እንዳያሳልፉ። ሁለተኛ፣ ተንቀሳቃሹን መንጋጋ በእጅህ ይዘህ ስትነቀንቀው እንዳይወዛወዝ። ከዚያ በከባድ ጠረጴዛ ላይ በብሎን እሰረው፤ ጠረጴዛው ከተንቀሳቀሰ ሞርሳው ምንም ቢጠብቅ ዋጋ የለውም። ስታጠብቅ እጀታውን በሁለት ጣት ብቻ አዙር። ጠመንጃውን ገፋ ስታደርገው ካልተንሸራተተ ይበቃዋል።

ዋናው ግን የት እንደያዝከው ነው። ያንተ ለበን ፈረንሳዮች ለቤል የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣው ከሆነ፣ ከአፈሙዙ ሥር ያለው ረጅም እንጨት ውስጡ ክፍት ነው። 8 ጥይት የሚሰለፍበት ቱቦ የተቀመጠው እዚያ ውስጥ ነው። እዚያ ላይ ሞርሳ ሲጠብቅ ስሱ እንጨት ቱቦው ላይ ይጨፈለቃል። እኔ በወጣትነቴ የአጎቴን ጠመንጃ እንዲህ አድርጌ ሰንጥቄበታለሁ፤ እንደ ደረቅ የማሽላ አገዳ ቀጭ ሲል እስከ ዛሬ ይሰማኛል። አንተ በሰደፉ በኩል፣ ትከሻ ከሚያርፍበት ጫፍ አንድ ስንዝር ገባ ብለህ፣ እንጨቱ ሙሉ ውፍረት ባለበት ያዘው። ሰደፍ ወደ ላይ እየሳሳ ስለሚሄድ በላይኛው በኩል አንድ ድርብ ቆዳ ጨምርበት፤ አለዚያ ሞርሳው የሚይዘው በታች ብቻ ይሆናል። የፊተኛውን ጫፍ ደግሞ በሌላ ነገር ደግፈው፤ ጠመንጃ በአንድ ቦታ ተይዞ ቀሪው አየር ላይ መንጠልጠል የለበትም።

የታተመው የጥርስ ምልክት ተስፋ አለው። እንጨቱ የተጨፈለቀ እንጂ የተቆረጠ ካልሆነ፣ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አርጥበህ ምልክቱ ላይ አድርግ፤ በጋለ የካውያ ጫፍ ለጥቂት ሰኮንድ ንካው። እንፋሎቱ ገብቶ የተጨፈለቀውን እንጨት ያነሳዋል። እየደረቀ ሲሄድ ድገመው። በቫርኒሽ የተሸፈነ ከሆነ እንፋሎቱ አይገባለትምና መጀመሪያ የዚያን ቦታ ቫርኒሽ ማንሳት ይኖርብሃል።

ከፍኖተ ሰላም፦ «ሞርሳ ለመግዛት አቅም የለኝም። በሁለት ጣውላ ላይ ጎድጎድ አውጥቼ ባሳርፈውስ?»

እንዲያውም ለማጽዳት ብቻ ከሆነ ከሞርሳ ይሻላል። ሁለት ጣውላ አቁም፤ ራሳቸው ላይ እንደ ባላ የተከፈተ ጎድጎድ አውጣ፤ በመካከላቸው አንድ ክንድ ያህል አርቅና ከታች በሌላ ጣውላ አያይዛቸው። የአፈሙዙን በኩል ከሰደፉ በኩል ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርገው። እንዲህ ሲሆን የምታፈስሰው ዘይት ወደ ፊት ይወርዳል፤ ካልሆነ ወደ ኋላ ይመለስና እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ያበሰብሰዋል። መወልወያውንም ጠመንጃው የሚፈቅድ ከሆነ ከኋላ በኩል አስገባ። የአፈሙዙ አፍ ላይ ያለው ጠርዝ በመወልወያ ከተበላ ጥይቱ አቅጣጫውን ይስታል።

ለጎድጎዱ አጎዛ ለማልበስ አስበህ ከሆነ ተጠንቀቅ። በጨው የደረቀ ቆዳ ጨዉን ይዞ ይቆያል፤ ብረቱም ሳታውቀው በአንድ ክረምት ይዝጋል። የተረፈ የጋቢ ቁራጭ ወይም የበርኖስ ጨርቅ ይበቃል፤ ከመጀመርህ በፊት አሸዋ እንዳይኖርበት አራግፈው። ሥራው ሲያልቅ ጠመንጃውን አንሳው። የለፋ ቆዳም ቢሆን እርጥበት ስለሚስብ ጠመንጃ ተጠቅልሎ የሚከርምበት አይደለም።

ከደጀን፦ «የአያቴን ውጅግራ ብሎን ለመፍታት ወንድሜ በጉልበቱ መካከል ይዞልኝ ነበር። ካቻቢቴው አመለጠኝና እጁን ወጋው። በምን ብናስረው ይሻል ነበር?»

ወንድምህ ይማርልህ። የሰው ጉልበት መያዣ አይደለም፤ ይህን ለሁሉም አንባቢ እላለሁ። ወፍራም ሸራ ድርብ አድርገህ ከረጢት ስፋ፣ የተነፋ ደረቅ አሸዋ ሙላበት፣ አፉን ጥብቅ አድርገህ ዝጋ። ጠመንጃውን ጠረጴዛ ላይ በከረጢቱ ላይ በጎኑ ስታጋድመው ተመቻችቶ ይሰምጣል፤ አንተም ካቻቢቴውን ቁልቁል መጫን ትችላለህ። ከረጢቱ ሲያረጅ አሸዋ ያተናልና ቀድመህ ቀይረው።

ግን ጥፋቱ በከፊል የካቻቢቴው ነው። ውጅግራ ስሙም ከፈረንሳይኛው «ፉዚል ግራ» የመጣ፣ የእ.ኤ.አ. 1874 ሥሪት ነው። የብሎኖቹ ስንጥቅ ጠባብና ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው። የገበያው ካቻቢቴ ደግሞ ጫፉ እንደ ሽብልቅ ስለሆነ ሲዞር ራሱን ወደ ላይ ይገፋል። ጫፉን በሞረድ ቀጥ አድርገህ ስንጥቁን ሙሉ በሙሉ እንዲሞላ አድርገው። ብሎኑ እንቢ ካለ ዘይት ጠብ አድርገህ ለነገ አሳድረው።

ከቡሬ፦ «ብየዳ ሠራተኛ ነኝ። አፈሙዙን በቧንቧ መፍቻ ይዤ ከአካሉ ለመንቀል አስቤ ነበር።»

አትንካው። አፈሙዝ በብርቱ ኃይል የገባ ነው። እሱን ለመንቀል በልኩ የተቦረቦረ መያዣና ለዚያ ጠመንጃ ብቻ የተሠራ መፍቻ ያስፈልጋል። በቧንቧ መፍቻ አካሉ ይጣመማል። መልሶ ሲገጠም በጥይቱ መቀመጫና ከኋላው በሚዘጋው ብረት መካከል ያለው ርቀት በፀጉር ያህል ከተዛባ ጥይቱ ፊትህ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ደግሞ ይዞታውንም ጥገናውንም በፈቃድ ያደረገ ነው። ይህ የቤት ሥራ አይደለም።

ከባሕር ዳር፦ «ዘመዴ ከውጭ የፕላስቲክ መያዣ ልኮልኛል። ይጠቅማል?»

ለማጽዳት ይጠቅማል። ብሎን በኃይል ለመፍታት ግን አይሆንም፤ ሲገፋ ይንሸራተታል።

ከሞጣ፦ «ባለቤቴ ሞርሳውን ዋናው ቤት ውስጥ ተክሎታል። ጠመንጃ ሲያስርበት አፈሙዙ ልጆቼ ወደሚተኙበት ክፍል ይዞራል። ባዶ ነው ይለኛል፤ እኔ ግን ልቤ አያርፍም።»

እመቤቴ፣ ልብዎ ያላረፈው በትክክል ነው። ጠመንጃ በእጅ ሲሆን ሰው ሲመጣ ይዞራል፤ ሞርሳ ላይ ሲታሰር ግን እስኪፈታ ድረስ አንድ ቦታ ያነጣጥራል። ጭቃ ግድግዳ ጥይት አያቆምም። «ባዶ ነው» የሚለውም ይጣራ። ከላይ ያነሳሁት ለበን ከኋላው ተከፍቶ ጎሬው፣ ማለትም ጥይቱ ለመተኮስ የሚገባበት ቦታ፣ ባዶ ሆኖ ሲታይ ከፊት ባለው ቱቦ ውስጥ ጥይት ተሰልፎ ሊቆይ ይችላል፤ መልሶ ሲያቀባብለው ያ ጥይት ይጎርሳል። ባለቤትዎ ከማሰሩ በፊት ቱቦውን ያራግፍ፣ ጎሬውን በዓይኑ አይቶ በጣቱ ይዳስስ፤ ጥይት የሚባል ነገር እዚያ ክፍል ውስጥ አይኑር። ጠረጴዛውን ደግሞ ዛሬውኑ ያዙሩት። አፈሙዙ የሚያየው ከኋላው ሰውም ከብትም የማያልፍበትን፣ በአፈር የተሞላ የድንጋይ ካብ ይሁን። እንዲህ ያለ ቦታ ቤቱ ውስጥ ከሌለ ሞርሳው ወደ ጓሮ ይውጣ።