መኪናችን ሽንት ቤት አለው፤ የት እንድፋው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔ የአዘዞ ልጅ ነኝ። ወንድሜ ከነባለቤቱ ለጥምቀት ከውጭ ይመጣል። አንድ ሃይሩፍ ሚኒባስ አለን፤ አልጋና ትንሽ ማብሰያ አስገብተንበት መኪናውን ካምፐር አድርገነዋል። ሽንት ቤቱን ወንድሜ ቀድሞ ልኮልናል። ከሥሩ ተስቦ የሚወጣ 20 ሊትር የሚይዝ ሳጥን አለው። ከበዓሉ በኋላ ከእናቴ ጋር አራት ሆነን ወደ ደባርቅና ሰሜን ተራሮች፣ ስንመለስ ደግሞ ወደ ጎርጎራ ለመሄድ አስበናል። ወንድሜ ባለበት አገር መንገድ ላይ ማራገፊያ ጣቢያ አለ፤ ከፍሎ ይደፋል። እኛ የት ነው የምንደፋው? ራቅ ያለ ቦታ ቆፍረን ብንቀብረው ችግር አለው?
ት.፣ ከአዘዞ

መልስ፦ ልጄ፣ ሳትነሱ በፊት በመጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ሳጥኑ ከሞላ በኋላ ነው።

ወንድምሽ የለመደውን ዓይነት ጣቢያ በዚህ መንገድ ላይ አታገኙም። ስለዚህ መጀመሪያ የምትደፉበትን ቦታ ወስኑ። የት እንደምታድሩና ምን እንደምታዩ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ሰው በቀን አንድ ሊትር ተኩል ያህል ይሸናል። አራት ስትሆኑ 6 ሊትር ማለት ነው። ዓይነ ምድሩና የማጠቢያው ውሃ ሲጨመርበት ሳጥናችሁ በሁለት ቀን ውስጥ ጢም ይላል። የሆቴልና የካምፕ ሽንት ቤት ባለበት ሁሉ እዚያ ተጠቀሙ። የመኪናውን ለሌሊትና ለእናታችሁ ተዉት። እንዲህ ካደረጋችሁ ሳጥኑ ሦስት አራት ቀን ያደርሳችኋል።

አሁን መንገዱን እንከተል። ከጎንደር ባዶ ሳጥን ይዛችሁ ውጡ። እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጋችሁ ትደርሳላችሁ። ደባርቅ ላይ ሰፊ ግቢ ያለው ሆቴል ፈልጉና መኪናችሁን ግቢው ውስጥ አቁማችሁ እደሩ። በማግስቱ ወደ ፓርኩ ከመግባታችሁ በፊት ሳጥኑን እዚያው ባዶ አድርጉት፤ ሞልቶ ቢሆንም ባይሆንም። ፓርኩ ውስጥ ሳንቃበርና ጨነቅ ላይ ሽንት ቤት አለ። በሳጥናችሁ የተጠራቀመውን ግን እዚያ አትድፉ። የካምፑ ጉድጓድ በእግር ለሚመጣ እንግዳ የተቆፈረ ነው፤ በአንዴ 20 ሊትር ሲደፋበት ይረጥባል፣ ይሸታል፣ ዝንብ ይሰበስባል። ይዛችሁ ወደ ደባርቅ ተመለሱ። አንድ ነገር ደግሞ እንዳትረሱ፦ ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ስትመዘገቡ ስካውት፣ ማለትም የፓርኩ ጠባቂ፣ አብሯችሁ ይሄዳል። ለእሱም መቀመጫ ይኑራችሁ፤ አልጋው ቦታውን ሁሉ እንዳይበላው።

ሆቴሉን እንዴት ትጠይቂያለሽ? ቀድመሽ ደውይና ሥራ አስኪያጁን በግልጽ አነጋግሪ። «መኪና ውስጥ እናድራለን፣ የማደሪያ እንከፍላለን፣ የሽንት ቤት ሳጥናችንን ደግሞ የእናንተ ሽንት ቤት ውስጥ መድፋት እንፈልጋለን፣ ለሱም እንከፍላለን» በይ። ዘበኛውን ብቻ አስፈቅዶ ማታ በድብቅ መድፋት ነውር ነው። ስትደፉ ቀስ እያላችሁ፣ መቀመጫው ውስጥ፣ ከዚያ በውሃ። የዝናብ ውሃ በሚሄድበት ቦይ ፈጽሞ እንዳይሆን። ጎንደር ውስጥ ከሆናችሁ ያ ቦይ ቀሃ ወይም አንገረብ ይወርዳል፤ ከዚያ መገጭ፣ ከመገጭ ጣና። የከተማችን ቤቶች በአብዛኛው ጉድጓድና ሴፕቲክ ታንክ ነው ያላቸው፤ ሲሞላ መጣጭ መኪና ይጠራል። ስለዚህ ሶፍትም ቢሆን ብዙ አታብዙ። ዋይፐስ፣ ዳይፐርና ሞዴስ ጨርሶ አይግቡ። የመጣጩን ቱቦ የሚዘጉት እነሱ ናቸው። ለብቻ በፌስታል ቋጥራችሁ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ያዙ።

ሳጥኑ ውስጥ የሚጨመረው ሰማያዊ ፈሳሽም አለ። ወንድምሽ ሳይልክላችሁ አይቀርም። ጀርባውን አንብቡት። ፎርማልዴሃይድ ካለበት ሽታውን የሚያጠፋው ባክቴሪያውን ገድሎ ነው። ሴፕቲክ ታንክ ደግሞ የሚሠራው በዚያው ባክቴሪያ ነው። የሰውን ታንክ እንዳታበላሹበት ፎርማልዴሃይድ የሌለውን ይላክላችሁ፤ ካልተገኘ ያለ ምንም ተጠቀሙና ቶሎ ቶሎ ድፉ።

ስለ መቅበር ጠይቀሻል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ሳኒታሪያን፣ ማለትም የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ ነኝ። የጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲቋቋም ከጤና መኮንንና ከኮሚዩኒቲ ነርስ ጋር ሳኒታሪያንም ያሠለጥን ነበር። እኔን ያስተማሩኝ ከእነሱ የተማሩ ሰዎች ናቸው። አንድ መንደር ስንገባ መጀመሪያ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነበር፦ ውሃችሁ ከየት ነው የምትቀዱት? ሽንት ቤታችሁስ የት ነው? ሁለቱ ከተቀራረቡ የመንደሩ ልጆች በምን እንደሚታመሙ ሳንመረምር እናውቀው ነበር።

አንድ ሰው መንገድ ላይ ቢቸግረው ከውሃ 60 ሜትር ርቆ፣ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍሮ ተጠቅሞ አፈር ቢመልስበት ምድሪቱ ትችለዋለች። የአራት ሰው የሁለት ቀን ግን ሌላ ነገር ነው። 20 ሊትር አንድ ቦታ ሲፈስ አፈሩ አይመጠውም፤ ቁልቁል ይሄዳል። ጨነቅ ከባሕር ወለል በላይ 3600 ሜትር ገደማ ነው። ብርዱ ከባድ ስለሆነ ነገር ቶሎ አይበሰብስም። በጥር የቀበራችሁት ክረምት ሲገባ ሳይበሰብስ ጎርፍ ይዞት ይወርዳል። ከገደሉ ሥር ደግሞ ሰው አለ። ምንጭ አለ። ጀሪካን ይዘው የሚወርዱ ሴቶች አሉ። «ራቅ ያለ ቦታ» ያልሽው ለእነሱ ደጃቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ቋራ በርሜል ጊዮርጊስ ጠበል የሄዱ ምዕመናን ላይ ኮሌራ የደረሰውን ሰምተሻል። ለኮሌራ የተበከለ ውሃ ይበቃዋል። ስለዚህ መልሴ አጭር ነው፦ አትቅበሩ።

መንገድ ዳር ያለ ገበሬ ቤት ገብታችሁም «ጉድጓዳችሁ ውስጥ እንድፋ» አትበሉ። እንግዳ ናችሁና እንቢ አይልሽም። ጉድጓዱ ግን ጥልቅ አይደለም፤ በራሱ ጉልበት የቆፈረው ነው። እናንተ ሞልታችሁበት ትሄዳላችሁ፣ እሱ ከርሞ ሌላ ይቆፍራል።

የዕቃ ማጠቢያው ውሃ ቀላል ነው። ፍርፋሪውን በወንፊት አጥልላችሁ ከደረቁ ቆሻሻ ጋር አድርጉት። ውሃውን ሆቴል ስትደርሱ አፍስሱ። የምግብ ትራፊ ፓርኩ ውስጥ አትጣሉ። ቁራው ይበትነዋል፣ ጭላዳውም ይለምዳል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ውሻ መሳቡ ነው። ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞ ሲመጣ ቀይ ቀበሮን ይጨርሰዋል፤ በዓለም ላይ የቀረው ደግሞ ከ500 አይበልጥም። ባዶ ሃይላንዶቹን ስካውቱን ጠይቃችሁ ለሚፈልግ ሰው በእጅ ስጡ። በመስኮት አትወርውሩ፤ ልጆች ለመያዝ መኪና ሥር ይገባሉ።

ከፓርኩ ስትመለሱ ደባርቅ ላይ ድፉ፣ ጎንደር ላይ እጠቡ፣ በቆላ ድባ አድርጋችሁ ወደ ጎርጎራ ውረዱ። ጎርጎራ ላይ አንድ ጠብታ እንኳ ወደ ሐይቁ አይሂድ። የሳሙና ውሃም ቢሆን። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየበት ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስንት ሰው በእጁ ሲነቅል ኖሯል! የሚያፋፋው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው፤ ሽንት ውስጥም፣ አንዳንድ ኦሞ ውስጥም አለ። መኪናውን ሐይቁ ዳር አታጥቡት። ይህን የምለው እዚያ የሚያጥቡ ብዙ ስላሉ ነው፤ ባየሁ ቁጥር ያመኛል።

በመጨረሻ፣ ከመነሳታችሁ በፊት በየጊዜው የመንገዱንና የነዳጁን ሁኔታ ከሚያውቅ ሰው ጠይቁ። ሳይመሽ ግቢ ግቡ። ሜዳ ላይ ማደርን አሁን አልመክርም። ጥር ላይ ጨነቅ ሌሊቱ ውሃ ያረጋል፤ የመኪናውን ቧንቧ ማታ አራግፉት፣ የምትጠጡትን ውስጥ አስገቡት።

ጥያቄ፦ ደባርቅ ላይ ትንሽ ፔንሲዮን አለኝ። እንዲህ ዓይነት መኪና የያዙ ፈረንጆች አልፎ አልፎ ይመጣሉ። ማራገፊያ ብሠራላቸው ያዋጣኛል? ምን ያስፈልገኛል?
ከደባርቅ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብዙ ገንዘብ ያመጣልዎታል ብዬ አልዋሽዎትም። ግን አንዱ መኪና ለማደር እርስዎ ጋ የሚመጣው በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ለአካባቢው ደግሞ ትልቅ ነገር ነው።

የሚያስፈልገው ይህ ነው። ሁለት ክፍል ያለው ሴፕቲክ ታንክ ካለዎት፣ መኪና በሚጠጋበት በኩል በሲሚንቶ የተሠራ ዘቅዘቅ ያለ ትንሽ ገንዳ ይሥሩ። መሐሉ ላይ ሰፊ ቱቦ ወደ ታንኩ ይግባ፤ ክዳን ይኑረው። ታንኩና ማስረጊያው ጉድጓድ (ከታንኩ የሚወጣው ውሃ ወደ አፈር የሚሰርግበት) ከማንኛውም የውሃ ጉድጓድ ወይም ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። የማስረጊያው ወለል ደግሞ ከከርሰ ምድር ውሃው አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ይበል። ይህን የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ መጥቶ ይይልዎት፤ ሳይቆፍሩ በፊት።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ሳጥን የሚታጠብበት ጎማና የመጠጥ ውሃ የሚቀዳበት ቧንቧ ለየብቻ ይሁኑ፣ ይራራቁም። እንግዳ ሲቸኩል ባገኘው ጎማ ሳጥኑን አጥቦ በዚያው ጎማ የመጠጥ ውሃ ይሞላል። የማጠቢያውን ጎማ ቀይ ቀለም ይቀቡትና «አይጠጣም» ብለው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይጻፉበት። ዋጋውንም አብረው ይለጥፉ፤ ጭቅጭቅ ይቀንሳል። የሚደፋ መኪና ሲበዛ መጣጭ ቶሎ ቶሎ ያስፈልግዎታል፤ ዋጋውን ሲተምኑ እሱን ያስቡ።

ጥያቄ፦ ሳንቃበር ላይ የምንጭ ውሃ አፍልተን ብንጠጣ በቂ ነው?
ከማራኪ

መልስ፦ በቂ ነው፤ ግን ከታች አገር ትንሽ ይለያል። ከፍታው ሲጨምር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ ከ3000 ሜትር በላይ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይንተከተካል። ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ አቆዩት። ውሃው ደፍርሶ ከሆነ አስቀድማችሁ በንጹሕ ነጠላ አጥልሉት። ጋዝ ለመቆጠብ ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ መድኃኒት ከያዛችሁ ጠርሙሱ ላይ ባለው መጠን ጨምሩና 30 ደቂቃ ጠብቁ። ቀዝቃዛ ውሃ ላይ መድኃኒቱ ቀስ ብሎ ስለሚሠራ እዚያ ላይ አንድ ሰዓት ብትጠብቁ ይሻላል።