ጎርፉን ከላይ መያዝ፦ ስለ ተፋሰስ ሥራ ጥያቄና መልስ

ጤና ይስጥልኝ። በአፈርና ውሃ ጥበቃ ሙያ ከገበሬ ጋር እርከን ስቀይስ ብዙ በጋ አሳልፌያለሁ። የምታውቁትንም የማታውቁትንም ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከጠበቅሁት በላይ መጣ። በቀላሉ ልጀምር።

ተፋሰስ ወንዝ ነው ወይስ መሬት?

መሬት ነው። የጣለው ዝናብ ወደ አንድ መውጫ የሚሰበሰብበት መሬት ሁሉ፣ ከተራራው አናት እስከ ወንዙ ዳር፣ አንድ ተፋሰስ ይባላል። የቤትህን ጣሪያ አስብ። በአሸንዳው የሚወርደው ውሃ ከየትኛው ቆርቆሮ እንደመጣ ታውቃለህ። ተራራውም እንደዚያው ነው። አባይ ተፋሰስ አለው፤ ከጓሮህ ያለችው ትንሽ ሸለቆም አላት።

ጋሼ፣ ማሳዬ ውስጥ ቦረቦር ገብቶ በየዓመቱ ይሰፋል። ውሃውን ላግድ ብዬ በድንጋይ ክትር ሠራሁበት፣ ክረምት ላይ ጎርፉ ጠርጎ ወሰደው። ምን ላድርግ? (ከደቡብ ጎንደር)

ወንድሜ፣ ቦረቦሩ ያለው አንተ ማሳ ላይ ነው፤ በሽታው ግን ከላይ ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ሄክታር ላይ 10,000 ሊትር ውሃ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ጣለ እንበል። ከበላይህ ያለው የተራቆተ ኮረብታ 10 ሄክታር ቢሆንና ግማሹ ውሃ ብቻ ቢፈስ፣ 1.5 ሚሊዮን ሊትር ወዳንተ ይመጣል። ይኼን የሚያቆም ክትር የለም።

ስለዚህ ሥራው ከአናቱ ይጀመራል። ኮረብታው ላይ ትሬንች፣ ማለትም ተዳፋቱን አግድም የሚያቋርጥ ውሃ መያዣ ጉድጓድ፣ ይቆፈራል፣ ውሃው እዚያው ይሰርጋል። ከሥሩ እርከን ይከተላል። ክትር የመጨረሻው ነው። ይኼን ቅደም ተከተል ገልብጠው የጀመሩ ብዙ ቦታዎች አይቻለሁ። ድካሙ ሁሉ በአንድ ክረምት ይሄዳል።

ከጎረቤቶችህ ጋር ተስማምታችሁ ላዩን ከሠራችሁ በኋላ ወደ ክትሩ ተመለስ። መሃሉን ዝቅ አድርገው፣ ውሃው በዚያ ይሻገር። ሁለቱን ጫፎች ቆፍረህ ወደ ቦረቦሩ ግድግዳ አስገባቸው፤ ያለዚያ ውሃው በጎን ዞሮ ይበላዋል። የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል ይሁን። ቀጥ ያለውን ግድግዳ ናድ አድርገህ አዘቅዝቀው፣ ሳርና ሰስባንያ የሚባለውን ቁጥቋጦ ትከልበት። ከብት አታስገባ።

እርከን መሬት ይበላል። በሬ ማዞር ያስቸግራል፣ አይጥም ይራባበታል። ለምን ታስገድዱናላችሁ?

አባቴ፣ ቅሬታዎ እውነት ነው። ይኼን ጥያቄ ንቀን ያለፍን ባለሙያዎች ጥፋተኞች ነን። በተለመደው አቀያየስ በሁለት እርከኖች መካከል 1 ሜትር የከፍታ ልዩነት ይያዛል። 10 በመቶ ተዳፋት ያለው ማሳ ላይ በየ10 ሜትሩ፣ 5 በመቶ ላይ በየ20 ሜትሩ አንድ እርከን ማለት ነው። እያንዳንዱ አንድ ሜትር ስፋት ቢወስድ፣ በመጀመሪያው ማሳ ከአሥር እጅ አንዱ ይሄዳል። የመጀመሪያ ዓመት ምርቴ ቀነሰ የሚል ገበሬ አልዋሸም።

አሁን ደግሞ ያለ እርከን የሚሄደውን ይመልከቱ። በደጋማው የእርሻ መሬታችን በየዓመቱ ከሄክታር በአማካይ 42 ቶን አፈር ይጠረጋል የሚል በሰፊው የሚጠቀስ ግምት አለ። የ1 ሚሊ ሜትር አፈር ክብደት በሄክታር 12 ቶን ገደማ ነው። በዓመት ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል መሆኑ ነው። ዓይን አያየውም። በ30 ዓመት ግን ከ10 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፤ የሚሄደውም ፍጉ የተጣለበት የላይኛው ለም አፈር ነው።

አንድ ጊዜ ጥቅምት ላይ ትሬንች ስናይ አንድ አዛውንት ጎንበስ ብለው ከውስጡ ደለል ዘገኑ። ጥቁር፣ እርጥብ፣ የጤፍ ገለባ ቅንጥብጣቢ ያለበት። መዳፋቸውን ዘርግተው «ይኼ የበላይ ጎረቤቴ ማሳ ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ እኔ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ለበሬው በየመሃሉ መተላለፊያ ይተው። አይጥ የድንጋይ ካብ ይወዳል፤ ስለዚህ አፈሩ በቂ ከሆነ የአፈር እርከን ይሻልዎታል። በእርከኑ ላይ ደሾ ሳር፣ የዝሆን ሳር ወይም ጌሾ ይትከሉ፤ የተወሰደው መሬት መኖና ብር ይሆናል። ማሳዎ ውሃ የሚቋጥር ዋልካ ከሆነ ግን ደልዳላ እርከን እንዳይሠሩ። ትንሽ ዘንበል ብሎ ትርፍ ውሃውን ወደ መውረጃ ቦይ የሚያወጣ ይሁን። አንድ ዓይነት እርከን ለሁሉም ማሳ ማዘዝ ስህተት ነው።

ችግኝ ከተከልን አይበቃም?

አይበቃም። ዝናቡን የሚያበርደው መሬቱን የሸፈነው ሳርና ቅጠል ነው። ከሥሩ ባዶ የሆነ ባህር ዛፍ ውሃ ሲያወርድ አይታችሁ ይሆናል። የተራቆተ ኮረብታ ከከብት ከተከለለ ሳሩ በመጀመሪያው ክረምት ይመጣል፣ ቁጥቋጦውም ይከተላል። ልቅ ግጦሽ ካልቆመ ግን ችግኙም እርከኑም አይተርፉም።

ላይ የምንሠራው እኛ፣ ምንጩ የሚጎለብተው ለታችኛው መንደር። ይኼ ፍትሕ ነው?

እህቴ፣ ከሁሉም ይኼ ያስጨንቀኛል። ከብቱን ከኮረብታ ያስወጣ ሰው ምትክ ሊያገኝ ይገባል። ከተከለለው ኮረብታ የሚታጨደው ሳር ድርሻው በቅድሚያ ለላይኞቹ ይሁን። ቀፎ የሚሰቅሉ ወጣቶች ከዚያው መንደር ይሁኑ። ይኼ ሁሉ ቁፋሮው ሳይጀመር በመተዳደሪያ ደንብ ይጻፍ።

የሚቻል ነገር ነው። ትግራይ ውስጥ አብርሃ ወአጽብሃ የሚባለው መንደር በድርቅ ሊለቀቅ የተቃረበ ነበር። ሰዉ ኮረብታውን ከለለ፣ ክትርና ትሬንች ሠራ፣ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ አለ። የእጅ ጉድጓድ ቆፍሮ አትክልትና ፍራፍሬ ያመርት ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2012 በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የኢኳተር ሽልማት አግኝቷል። የኮንሶ ሰው ደግሞ ይኼን ሥራ ማንም ሳያዘው ለመቶዎች ዓመታት ሲሠራው ኖሯል። ምስጢሩ እርከኑን በየዓመቱ መጠገኑ ነው።

እኔ ከተሜ ነኝ። ምን ያገባኛል?

የምትጠጣው ውሃ ያገባሃል። የጎንደር ከተማን የሚያጠጣውን የአንገረብ ግድብ ደለል ምን ያህል እንደጎዳው ጎንደሬዎች ያውቃሉ። በአዋሽ ወንዝ ላይ ያለው የቆቃ ግድብም ያው ችግር አለበት።

ዘንድሮ ጥር ላይ ብንጀምር ውጤቱን መቼ እናያለን?

ሳሩን በመጀመሪያው ክረምት። ቦረቦሩ በሁለትና ሦስት ዓመት መርጋት ይጀምራል። ምንጭ ይቆያል፤ እንደ ዐለቱና እንደ ዝናቡ ይለያያል። ስለዚህ ከአሁኑ ለኩ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ምንጩ ሥር አስቀምጡ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚሞላ በስልካችሁ ያዙ። ጥር፣ መጋቢትና ግንቦት ላይ፣ በየዓመቱ፣ በዚያው ጀሪካን። ደብተሩ የመንደሩ ይሁን፤ አንድ ተማሪ ልጅ ይያዘው።