ሜሪላንድ ውስጥ የሰጠሁት ድምፅ ዋጋ አለው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዜግነት ካገኘሁ ብዙ አልቆየሁም። በ2024 ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሬዚዳንት መረጥኩ። ወንድሜ ፔንሲልቬንያ ነው ያለው። የእሱን በር ቀስቃሾች ሲያንኳኩ ከረሙ። የእኔን ማንም አላንኳኳም። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «እዚህ ብትመርጪም ባትመርጪም ያው ነው፣ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት 538 ሰዎች ናቸው» አለችኝ። እውነት ነው? ድምፄ እኩል ካልሆነ መክሰስ እችላለሁ? ሕጉስ አይቀየርም?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የዜግነት መሐላ ፈጽሞ የመጀመሪያ ድምፁን የሰጠ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ምን ያህል ቅር እንደሚለው ይገባኛል። በክሱ ልጀምር። ክስ ማቅረብ ይችላሉ፤ ያሸንፋሉ ብዬ ግን አልዋሽዎትም። ሜሪላንድን የሚያካትተው አራተኛው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2020 ይህንኑ ጥያቄ አይቶታል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ከሳሾቹ የሳውዝ ካሮላይና ነዋሪዎች ነበሩ። ግዛታችን ወኪል መራጮቹን (ፕሬዚዳንቱን በሕዝቡ ስም የሚመርጡትን ሰዎች) በሙሉ ለአንድ ወገን ስለሚሰጥ ድምፃችን ባክኗል ብለው ተከራከሩ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበላቸውም። በቴክሳስና በካሊፎርኒያ የቀረቡ ተመሳሳይ ክሶችም በዚያው ዓመት ይግባኝ ላይ ወድቀዋል። በአጭሩ፣ ድምፅዎ ከጎረቤትዎ ድምፅ ጋር እኩል እስከተቆጠረ ድረስ የመረጡት ሰው መሸነፉ ብቻ መብትዎን አይጥስም ነው የተባለው።

ባልደረባዎ ያለችው ግማሹ እውነት ነው። በወረቀቱ ላይ የዕጩውን ስም ያያሉ፤ በሕግ የሚመርጡት ግን የዚያን ዕጩ ወኪል መራጮች ነው። እያንዳንዱ ግዛት በኮንግረስ ባሉት መቀመጫዎች ልክ ወኪል ያገኛል። ሜሪላንድ 10፣ ፔንሲልቬንያ 19 አላቸው። ዋሽንግተን ዲሲ ከ1961ዱ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ወዲህ 3 አላት። የሁሉም ድምር ባልደረባዎ ያለችው 538 ነው። 270 ያገኘ ያሸንፋል። እነዚህ ሰዎች ግን እንደፈለጉ አይሆኑም። በ2016 ሰባት ወኪሎች ቃላቸውን አጥፈው ለሌላ ሰው ድምፅ ሰጥተው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2020 ግዛቶች ወኪሎቻቸውን በቃላቸው ማሰር እንደሚችሉ በአንድ ድምፅ ወሰነ።

ታዲያ ለምን እንዲህ ተደረገ? በ1787 ሕገ መንግሥቱን ለማርቀቅ ፊላደልፊያ የተሰበሰቡት ሰዎች በዚህ ጉዳይ ብዙ ተጨቃጭቀዋል። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ጄምስ ዊልሰን ሕዝቡ በቀጥታ ይምረጥ አለ። ሌሎች ኮንግረስ ይምረጥ አሉ። ኮንግረስ ከመረጠው ደግሞ ፕሬዚዳንቱ የኮንግረስ ታዛዥ ይሆናል የሚል ስጋት ነበር። አገሩ ሰፊ ነው፣ ወሬ በፈረስ ነው የሚሄደው፤ የጆርጂያ ገበሬ የማሳቹሴትስን ሰው በምን ያውቀዋል? ይህ ሁሉ እውነተኛ ምክንያት ነው። አንድ ሌላ ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ጄምስ ማዲሰን ራሱ በጉባኤው ላይ በግልጽ አንስቶታል። ደቡቦቹ በባርነት የያዟቸው ሰዎች ድምፅ ስለማይሰጡ በቀጥታ ምርጫ ደቡብ ይጎዳ ነበር። በወኪል ስሌት ግን ለኮንግረስ መቀመጫ ሲባል ከአምስት ባሪያዎች ሦስቱ እንደ ሕዝብ ይቆጠሩ ነበር። ድምፅ የተነፈጉት ሰዎች ለጌቶቻቸው ድምፅ ጨመሩላቸው ማለት ነው። እንደኔ እንደኔ ይህን ሳያነሱ ስለ ሥርዓቱ ዓላማ ማውራት አይቻልም።

የእኛ አገር ሰው አንዳንዴ «የኢትዮጵያም ፕሬዚዳንት እኮ በምክር ቤት ነው የሚመረጠው» ይለኛል። ልክ ነው፣ በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 70 መሠረት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመርጡታል። እዚያ ግን የአስፈፃሚነቱ ሥልጣን ያለው በጠቅላይ ሚኒስትሩ እጅ ነው። እዚህ የሚመረጠው ሰው ሠራዊቱንም መንግሥቱንም የሚመራው ነው። ስለዚህ ንጽጽሩ ብዙም አያስኬድም።

አሁን ወደ በርዎ ልመለስ። በርዎ ያልተንኳኳው በ538ቱ ምክንያት አይደለም። በግዛቱ ያሸነፈ ሁሉንም ወኪል ጠቅልሎ ስለሚወስድ ነው። ሜሪላንድ ለሪፐብሊካን ዕጩ ለመጨረሻ ጊዜ የሰጠችው በ1988 ነው። ውጤቱ ቀድሞ የታወቀበት ቦታ ማንም ገንዘቡንና ጊዜውን አያጠፋም። ይህ ደግሞ አንዱን ፓርቲ ብቻ አይጎዳም። በ2024 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ6 ሚሊዮን በላይ ሰው ዶናልድ ትራምፕን መርጦ አንድም ወኪል አላስገኘም። በ2000 የዴሞክራቶቹ ዕጩ አል ጎር በአገር ደረጃ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ድምፅ በልጠው፣ ፍሎሪዳን በ537 ድምፅ ስላጡ ብቻ ተሸነፉ።

እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። «ጠቅልሎ መውሰድ» ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የለም! አንቀጽ ሁለት ወኪሎቹ እንዴት እንደሚመረጡ የመወሰኑን ሥልጣን ለየግዛቱ ምክር ቤት ነው የሰጠው። ሜይንና ነብራስካ በምርጫ ክልል ያከፋፍላሉ። የቀሩት 48 ግዛቶች ጠቅልለው የሚሰጡት በራሳቸው ሕግ ነው።

ለውጡ በሁለት መንገድ ሊመጣ ይችላል። አንዱ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ነው። የኮንግረስን ሁለት ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የ38 ግዛቶችን ይሁንታ ይጠይቃል። በ1969 የተወካዮች ምክር ቤት ቀጥታ ምርጫን ከ330 በላይ በሆነ ድምፅ አጽድቆት ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሴኔት ውስጥ ተቃዋሚዎቹ ክርክሩን በማራዘም ገደሉት። ባነበብኩት ቁጥር ያንገበግበኛል።

ሁለተኛው የግዛቶች ስምምነት ነው። ፈራሚዎቹ ወኪሎቻቸውን በአገር ደረጃ ብዙ ድምፅ ላገኘው ዕጩ ይሰጣሉ። ሥራ ላይ የሚውለው ግን የፈራሚዎቹ ድምር 270 ሲደርስ ነው። በ2007 ከሁሉም ቀድማ የፈረመችው ማን መሰለችዎ? የእርስዎ ሜሪላንድ! በ2024 ሜይን ስትገባ ድምሩ 209 ደረሰ።

ይህ መንገድ ሕጋዊ ነው ወይ ቢሉኝ፣ 270 በደረሰ ማግስት ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ አልጠራጠርም። ሕገ መንግሥቱ ግዛቶች ያለ ኮንግረስ ፈቃድ እርስ በርስ እንዳይዋዋሉ ይከለክላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1893 ክልከላው የፌዴራሉን የበላይነት የሚነኩ ውሎችን እንጂ ሁሉንም ውል እንደማይመለከት ተናግሯል። በ1892ም የግዛት ምክር ቤቶች በወኪል አመራረጥ ላይ ሰፊ ሥልጣን እንዳላቸው ወስኗል። እኔ ስምምነቱ ይቆማል ባይ ነኝ። ቢሆንም የኮንግረስ ፈቃድ ቢጨመርበት በጣም ደስ ይለኛል፤ የፕሬዚዳንት ምርጫ በሕግ ጥርጣሬ ላይ መንጠልጠል የለበትም።

እስከዚያው ምርጫ እንዳይቀሩ። በ2024ቱ ወረቀትዎ ላይ የሴኔት መቀመጫና የግዛቱ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጥያቄም ነበሩ። እነዚህን የወሰነው ቀጥታ ቆጠራ ነው፤ የእርስዎም ድምፅ አለበት።

ሜሪላንድ ድርሻዋን ስለተወጣች ቀሪው ሥራ በወንድምዎ በኩል ነው። በ2024 ፔንሲልቬንያ ከፈራሚዎቹ ውስጥ አልነበረችም። በራቸው የሚንኳኳላቸው ግዛቶች ለመፈረም ብዙም አይቸኩሉም። ስለዚህ ስልክ ይደውሉለትና በፔንሲልቬንያ ዋና ከተማ ሃሪስበርግ ላለው የግዛቱ ምክር ቤት ተወካዩ አንድ ደብዳቤ እንዲጽፍ ይጠይቁት። የእርስዎን በር ጉዳይም ቢያነሳው ጥሩ ነው።